ያነበብኩላት ቁጥር

ጥር 14፣ ከምሳ በፊት

ሽሮው ዛሬም አረረ። ድስቱን ነክሬ ተውኩት። ምራቴ ከነቀምቴ ደውላ፣ ሰው ልቅጠርልህ ትላለች። እምቢ አልኩ። እጅ አለኝ።

ደጅ ተቀምጬ ሁለት ሰው ስልክ አስነበበኝ። አንዱ ልጁ ከአኖ የላከለት ነው፣ በአማርኛ። ቀስ ብዬ ለቀምኩት። አላበኝ፣ ግን አላሳየሁም። ሌላው የስልክ ማስታወቂያ፣ ወሬ ነው። እዚህ ኡኬ ላይ ሽማግሌ ሁሉ ስልኩን ይዞ እኔ ጋ ነው የሚመጣ። ወፍጮ ቤት ስሰራም እንዲሁ ነበር። ያኔ ደብዳቤ፣ አሁን ስልክ። በመሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩ፣ ለዚያውም እህል እየሰፈርኩ። ት/ቤት የከረመ ስንቱ አለ እንደኔ የማያነብ።

ከዚያ አዴ ዲንቄ እየሮጠች መጣች። በአጥር የምንገናኝ ጎረቤቴ ናት። እሷም እንደኔ ብቻዋን ናት፣ ባሏ ቀድሟታል። ስልኩ እጇ ላይ ሰው ይናገርበታል። የቁጠባና ብድር ማህበራችን ከነቀምቴ ደወለልኝ አለች። የአባላት ትርፍ ወጥቷል፣ ስልክሽ ላይ ቁጥር ይገባል፣ ቁጥሩን ንገሪኝና ብሩን ልልቀቅልሽ ይላታል። እሷ ፊደል አትለይም። አባ ዱቢሲ አለችኝ። አንብብልኝ ማለቷ ነው።

ተቀበልኳት። ሰውየው አንደበተ መልካም ነው። ኦሮምኛው የነቀምቴ። አከም ጅርቱ ብሎ ጀምሮ ቤት ከብቱን ሁሉ ጠየቀኝ። መልእክቱ ሲገባ ቁጥሩን አንድ ባንድ ነገርኩት። ይድገሙልኝ አለ፣ ደገምኩለት፣ ጮክ ብዬ። እንደ እርስዎ ያለ የተማረ አባት በየቦታው ባገኝ ስራዬ በቀለለ ነበር አለኝ። ቡና የሸጠ ሌላ አባል ካለ የእሱም ትርፍ እንዳይቀር ንገሩኝ አለ። ኦቦ ዋቅጅራን ነገርኩት። ሌሎች አራት ሰዎችም ነገርኩት። ስልካቸውን ከራሴ ስልክ ላይ እየፈለግሁ ሰጠሁት።

ዲንቄ፣ ጽሑፉ ምን ይላል አለች። ትርፍሽ መጣ ይላል አልኳት። እንቁላል አምጥታ ሰጠችኝ። አልቀበልም አልኩ። ደፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ደስ ብሎኛል ዛሬ። ሚስቴ ፋንታዬ ብትኖር ይሄን ስነግራት ጥግ ሆና ትስቅብኝ ነበር። አሁን ያለኸኝ አንተ ደብተር ነህ። አትስቅም፣ ይሄ ጥሩ ነው።

ጥር 16፣ ከሰዓት

ጩኸት ሰማሁ። ሰው የሞተ መስሎኝ ጋቢዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። የሞተ የለም። አዴ ዲንቄ ናት።

ትርፏን ልታይ ማህበሩ ጽ/ቤት ሄዳ ባዶ ነው አሏት። የቡናዋ ገንዘብ፣ የዓመቱ፣ ሁሉም የለም። ወደ አንድ ስልክ ተልኳል። ስልኩ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ለቆርቆሮ ነበር ያስቀመጠችው። የቤቷ ሳር በስብሶ ባምናው ዝናብ አልጋዋን ከጥግ ጥግ ስትጎትት ከርማለች። ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ላለብሰው ነው ስትል ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ አፈር ትበትናለች። ሴቶች ይዘዋታል።

እኔ ቆምኩ። ጋቢዬን መመለስ ረሳሁ።

ሌባ ነው አልኩ። እንደ ሰው ሁሉ እኔም ሌባ ነው አልኩ።

ያ ቁጥር ምን አገባው? ማህበሩ የላከውን ነው ያነበብኩ። ያነበበ ሰው ሰረቀ ይባላል እንዴ? አይባልም። ምሳ አልበላሁም። ሽሮ ጠልቼ ነው።

ጥር 17፣ ከሰዓት

ማህበሩ ጽ/ቤት ሄድን። ሰው ሞልቷል፣ ግማሹ ደጅ ቆመ። ገንዘብ ያዧ ለሊሴ ተናገረች። ነቀምቴ ተምራ የተመለሰች የዚሁ አገር ልጅ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ለሽማግሌ ተነስታ ወንበር የምትለቅ።

ያለችውን እጽፋለሁ። ዘንድሮ ማህበሩ በስልክ ብር ማውጣት ማስገባት ጀምሯል። ሰው በሌላ ስልክ ሂሳብህን ሊከፍት ሲል መጀመሪያ ለባለቤቱ ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩ ማለት ቁልፍ ነው። ያን የሰጠ ሳጥኑን ከፍቶ ሰጠ። ስትመዘገቡ ለያንዳንዳችሁ ነግሬያለሁ አለች። ደግሞ መልእክቱ ራሱ ላይ፣ ከቁጥሩ ስር፣ ተጽፏል አለች። ይህን ቁጥር ለማንም አትንገሩ፣ ማህበሩም ቢሆን ደውሎ አይጠይቃችሁም።

ከቁጥሩ ስር። በቁቤ።

ስማ ደብተር። ኦሮምኛ እናገራለሁ። እቀልድበታለሁ፣ እማልድበታለሁ፣ ሲያናድዱኝም እሳደብበታለሁ። እዚሁ ነው የተወለድኩ፣ አባቴ ከጎጃም ቢመጣም። የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ቁቤውን፣ ግን አላውቅም። አንድም። ያን ቀን ስልኩን ስከፍት ከቁጥሩ ስር ረጅም ጽሑፍ አይቻለሁ። ዘለልኩት። ዲንቄ ምን ይላል ስትለኝ ከራሴ አውጥቼ ነገርኳት። አላውቅም ማለት አንድ ቃል ነበር።

ሊቀመንበሩ ዲንቄን ጠየቃት። ቁጥሩን ለማን ሰጠሽ? ለማንም አለች። እኔ ፊደል የማላውቅ ሴት ምን ቁጥር አውቄ እሰጣለሁ አለች። ሰው እውነቷን ነው አለ። እውነትም ይመስላል። ማንበብ የማትችል ሴት በአፏ ልትሰጥ አትችልም። ታዲያ ከውስጥ ነው አሉ። ታዲያ ቁልፉን የሚያውቅ ማነው አሉ። ሁሉም ዞሮ ለሊሴን አየ።

ዲንቄ እኔን አየችኝ። ወዲያው መሬት አየች።

እኔ ጣራውን አየሁ።

ጥር 19፣ ጧት

ለሊሴን ከስራ አገዷት። የጽ/ቤቱን ቁልፍ ሰው ፊት አስረከበች። እሑድ አባላት ተሰብስበው ይወስናሉ። ማባረር ብቻ አይደለም፣ ለፖሊስ እንስጣት የሚሉ አሉ። ገና አልተዳረች። ሌባ ተብላ በዚህች አስፋልት ላይ እንዴት ትሄዳለች?

ጧት በደጄ አለፈች። ዓይኗ ቀልቷል። እንደወትሮው ነጋን ቡልተኒ አባ፣ እንዴት አደሩ አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ። እጄን አነሳሁ ብቻ። እሷ ደግሞ ጠርጥሬያት ሰላምታ የነፈግኋት መሰላት። ፊቷ ላይ አየሁት። ፈጥና ሄደች።

ተነስቼ ልጥራት ነበር። ጉልበቴን ያመኛል፣ ግን ሰበብ አይሆንም። ተቀመጥኩ።

እኔም ተታለልኩ። ሰውየው አታለለኝ። ይሄ እውነት አይደለም? እውነት ነው። ግን የተታለለ ሰው ይጮሃል። ዲንቄ ጮኸች። እኔ ለምን ዝም አልኩ?

እናገራለሁ ብዬ ሳስብ የሚያፍነኝ ሌብነቱ አይደለም። ማንበብ አይችልም ሲሉኝ ነው። ስንት ዓመት ስልካቸውን ይዘው የመጡት፣ ስንቱን ከራሱ እያወጣ ነገረን ሲሉ ነው። ብዙ አይደለም። አንዳንዱን ነው። በቁቤ የመጣውን።

ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ልቀደው ብዬ ነበር። ተውኩት።

ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ቤ/ክ ሄድኩ። ከግቢው አጥር ውጭ ቆሜ ተሳልሜ ተመለስኩ። ለምን አልገባህም ያለኝ የለም። ጉልበቴ ነው የሚሉት ይሆናል።

ከሰዓት ዲንቄ በአጥር በኩል ጠራችኝ። ጎመን ቀንጥሳ ሰጠችኝ። ሁሉን ካጣች በኋላ ጎመን ትሰጠኛለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አታስብ፣ ስምህን አላነሳሁም አለችኝ። ባሌ ሲሞት ለቅሶዬን አብረህ የቆምክ ሰው፣ በዚህ እድሜህ ሰው ፊት ላቁምህ? እኔው ነኝ አንብብልኝ ያልኩህ አለች።

ስሜን አንሺ፣ ተናገሪ ማለት ነበረብኝ።

ደግ አደረግሽ አልኳት።

በአፌ ነው ያልኩት። ፋንታዬ ብትሰማኝ ከዚያ ቀን ወዲያ ውሃ አታቀብለኝም ነበር። ጎመኑን አልቀቀልኩትም። እዚያው ጠወለገ።

ለሊሴስ አልኳት በኋላ፣ ቀስ ብዬ። እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ስራ ታገኛለች አለች። እያለችው ራሷም አላመነችውም። ፊቷን አዙራ ገባች። ደጓን ሴትዮ እኔ ነኝ ውሸታም ያደረግኋት።

ጥር 22፣ ከገበያ መልስ

ዛሬ ገበያ ነበር። ጨው ልገዛ ወጣሁ። ኦቦ ዋቅጅራ በርበሬ ተራ አጠገብ ከነወዳጆቹ ተቀምጧል፣ ለሊሴ ስለ ቁጥሩ ስትናገር ያልነበረ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የሚያላግጥብኝ ሰው ነው፣ እኔም እሱን። ፕሮፌሰር ነው የሚለኝ። ከሩቅ ሲያየኝ፣ "ፕሮፌሰር! ና እንጂ፣ የኔም ትርፍ መጣ!" ብሎ ጮኸ። ስልኩን ዘረጋልኝ። ሰው እየተናገረበት ነው።

ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። እሱ ነው። ያ አንደበተ መልካሙ። ድምፄን ሲሰማ ደስ አለው። አባ፣ እርስዎ ነዎት? እግዜር ነው ያገናኘን አለኝ። እንደ ዘመድ።

የስልኩን ጥግ ተጫንኩ፣ እስኪጠፋ ድረስ ተጫንኩ። ዋቅጅራ፣ ምን አደረግህ አለ። ባትሪ ጨረሰ አልኩት። ሙሉ ነበር እኮ አለ። ወዳጆቹ፣ ፕሮፌሰሩ ስልክ ገደለ ብለው ሳቁ። ዋቅጅራም ሳቀ። ግድ የለም፣ ተማሪዎቹ ጋ ሄጄ አስነብባለሁ ብሎ ሊነሳ ሲል ኮቱን ያዝኩት። አታስነብብ አልኩ። ሌባ ነው አልኩ።

ሳቁ ቆመ።

በምን አወቅህ አለኝ። ድምፁን አውቀዋለሁ አልኩ።

ዋቅጅራ ብዙ አየኝ። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። ከየት ነው የምታውቀው አለ። ሰውየውስ የኔን ስልክ ከየት አገኘው አለ። ኮቱን ከእጄ ቀስ አድርጎ አላቀቀ። ፕሮፌሰር አላለኝም። ኦቦ አለሙ አለኝ፣ በስሜ፣ እንደ እንግዳ ሰው። እሑድ እንገናኛለን አለኝ።

ጨው ሳልገዛ መጣሁ።

ለሌባው የነገርኩት ዋቅጅራን ብቻ አይደለም። ሌሎቹም በየተራ ይደወልላቸዋል። አንዱ ዛሬ ማታ ሊሆን ይችላል። ስልኩን ይዞ እኔ ጋ ላይመጣ ይችላል። ባጃጅ ያዝኩና የአራቱን ቤት ዞርኩ። የስልክ ሌባ ወጥቷል፣ ለማንም ቁጥር እንዳትሰጡ አልኳቸው። አመሰገኑኝ! አንዷ ወተት ልቅዳልህ አለች። ሌባው ከየት ስልካችንን አገኘው ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልነገርኩም። ግማሹን ተናግሬ ተመርቄ ተመለስኩ። ከዝምታው ይሄ ባሰ።

ጥር 24፣ ከሰዓት

እነ ለሊሴ ቤት ሄድኩ። እናቷ በሩን ከፈተች። ሰላምታዋ አጭር ነው። ሰዉ ሁሉ እንደራቃቸው ገባኝ። ወንበር ሰጡኝ። ውሃ ሰጡኝ።

ነገርኳት። ቁጥሩን ለሌባው እኔ ነኝ ያነበብኩለት፣ በዚህ አፌ። የሰዎቹንም ስም እኔ ነኝ የሰጠሁት። ቁቤ አላውቅም አልኳት። ይሄኛው መጨረሻ ነው የወጣ፣ እንደ ጥርስ ተነቅሎ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ታዲያ ለአዴ ዲንቄ መልእክቱ ምን ይላል ብለው ነገሯት አለችኝ። ትርፍሽ መጣ ይላል አልኳት አልኩ። ለሊሴ በእጇ አፏን ያዘች። እናቷ ማድ ቤት ውስጥ የያዘችውን ጣለች።

ከዚያ ልጅቱ ያለችኝን አልረሳም። ስትመዘገቡ በምን ቋንቋ ይላክላችሁ ብዬ አንድ ባንድ ጠይቄ ነበር አለች። አዴ ዲንቄ ምን አለችኝ መሰልዎ? የሚያነብልኝ ኦቦ አለሙ ነው፣ እሱን ጠይቂው አለች። እርስዎን ጠየቅሁ። "ለኔ ሁሉም አንድ ነው" አሉኝ። አስታውሳለሁ። ኮፍያዬን እያስተካከልኩ ነበር ያልኩት። በአማርኛ ይሁን ብል ኖሮ ያን መስመር አነበው ነበር። እየለቀምኩም ቢሆን አነበው ነበር።

እኔ እኮ አባ፣ ቢጠይቁኝ ቁቤውን ባንድ ወር አስተምርዎት ነበር አለች። ለስድብ አይደለም ያለችው። ለዚህ ነው የከፋኝ።

ይቅር በይኝ አልኩ። ይቅር አላለችኝም። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን አልያዘችም፣ አባ ምንም አይደል አላለችም፣ እንደ ሌላ ቀን። ለኔ ብቻ ነግረውኝ ምን አደርገዋለሁ አለች። እኔ ነገ ተነስቼ እርስዎ ነዎት አልልም። ሽማግሌ ከሰሰች ይሉኛል፣ ራሷን ልታድን ነው ይሉኛል፣ የሚያምነኝም የለም። እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እወጣለሁ። አዲስ አበባ አክስት አለችኝ አለች። እናቷ ገብታ ትከሻዋን ያዘች። ተነሳሁ። ማንም አልሸኘኝም። ትክክል ናቸው።

ዲንቄ አትናገርም፣ ለኔ ብላ። ለሊሴም አትናገርም፣ የሚያምናት የለምና። ዋቅጅራ ይጠረጥራል፣ ግን አያውቅም። ተደላድዬ መቀመጥ እችላለሁ። ማንም አይነካኝም። ይሄው ነው ያስፈራኝ።

ጥር 25፣ እሑድ፣ ጧት

ሊቀመንበሩ ልጅ ልኮብኛል። ስብሰባውን በምርቃት እንድከፍት። ሁልጊዜም እኔ ነኝ የምከፍተው፣ ሽማግሌ ስለሆንኩ። ኤባ ይሉታል ምርቃቱን። ተነስቼ እጄን ዘርግቼ እመርቃለሁ፣ ሰው ሁሉ ለያንዳንዱ ቃል አሜን ይላል። ከዚያ ልጅቱን ያባርራሉ። በኔ ምርቃት ላይ።

አልመርቅም።

ተወሰነ። ጻፈው። ኦቦ አለሙ ኤባ ሲሉኝ እነሳለሁ። እጄን አልዘረጋም። በኦሮምኛ እናገራለሁ፣ ማንም አስተርጓሚ እንዳይፈልግ፣ ኋላ እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው የሚል እንዳይኖር። ቁጥሩን ያነበብኩ እኔ ነኝ እላለሁ። ዲንቄ ቁጥር አልሰጠችም፣ እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁ። ለሊሴ ንጹህ ናት። የዋቅጅራንና የሌሎቹንም ስልክ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ቁቤ አላነብም። ካሁን በኋላ ማንም በቁቤ የመጣ መልእክት ይዞ እኔ ጋ እንዳይመጣ። ይሄን ሁሉ ብዬ ስጨርስ የምቀመጥበት ወንበር ይኑር አይኑር አላውቅም። ፖሊስ ቢጠራኝ እሄዳለሁ፣ የሰውየውን ድምፅ መቼም አልረሳውም።

ለዲንቄ ቆርቆሮ ያለኝን ሸጬም ቢሆን እከፍላለሁ። ይሄንን ግን ዛሬ አልናገረውም። ካሳ አስቀድሞ ምህረት የሚገዛ ይመስልብኛል።

ንጹህ ሸሚዝ ለበስኩ። ሁለቱን የሸሚዝ ቁልፍ ሳልቆልፍ ተውኩት።

ዲንቄ በር ላይ ናት። አብረን እንሂድ ትላለች። ልናገር መሆኑን አታውቅም፣ ስታውቅ ልታስቀረኝ ኮቴን ትይዛለች። ከዚህ እስከ ጽ/ቤቱ ሰው ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ነው። አሁኑኑ እነግራታለሁ፣ ገና ከደጁ ሳንወጣ፣ ከዚያ ብትይዘኝም እየጎተትኳት እሄዳለሁ።